ጥለቱ ወደ ላይ

ቻይናዋ መጀመሪያ ቀን ስንጨፍር አይታ የጠየቀችን፣ ለምን እንደምናለቅስ ነበር።

እኛ የጨፈርነው የሰርግ እስክስታ ነው። የከፍተኛው የኪነት ኃላፊ፣ እንግዳ ሲመጣ ኮቱን ቆልፎ ደረቱን መንፋት የሚወድ ሰው፣ ይህ የሰፊው ሕዝብ የደስታ መግለጫ ነው ብሎ አስተዋውቆናል። ከበሮው ሲቆም በላብ ተጠምቀን ጭብጨባ ስንጠብቅ፣ ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና ሁለት እጆቿን ትከሻዬ ላይ ጫነች። ትኩሳት እንደሚለካ ሐኪም ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ አስተርጓሚዋ ዞራ የሆነ ነገር አለች። አስተርጓሚው አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ ወጣት ቻይና ነበር፤ ሲናገር ዜና የሚያነብ ይመስላል። የተከበሩት መምህርት፣ ይህች ወጣት ስለ ምን ምክንያት እንደምታለቅስ ለማወቅ ይሻሉ አለን።

ሳቅ በሳቅ ሆንን። ከኋላዬ የቆመችው ልጅ፣ የሰፈራችን አፈኛ፣ ሙሽራው ሸውዷት ነው በልልን አለችው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። በዚያ ቡድን ውስጥ እንደኔ ያለ ትከሻ አልነበረም፤ ይህን ስል አላፍርም፣ ያየ ይመስክር። ሰው እያጨበጨበ የሚጮህለትን ትከሻ አንዲት የሩቅ አገር ሴት መጥታ ለቅሶ ስትለው ደስ አይልም።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ያ ሁሉ ወጣት ካለቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ። ከሥራ ስወጣ ዳገቱን ይዤ ፒያሳ እወጣለሁ። ልምምዳችን ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ድሮ የፈረንጆች ክበብ በነበረና በተወረሰ አዳራሽ ነበር። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ሲረግጡት ያቃስታል። ቻይናዋ ባሏ ከመንገድ ሠሪዎቹ ጋር መሐንዲስ ሆኖ የመጣ፣ እሷ ደግሞ በአገሯ ውዝዋዜ ታስተምር የነበረች ናት። ቤት መቀመጡ ሰልችቷት ይመስለኛል፣ የእኛንና የእነሱን አዋሕጄ አንድ ሥራ ልሥራ ብላ ጠየቀች። ከላይ ተፈቀደ፤ እኛም ለመታዘዝ ተሰለፍን።

እዚህ ላይ እናቴን ካላስገባሁ ነገሩ አይሄድልኝም። የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ አንድ ክፍል ቤት፣ በሩ ጥግ የእናቴ የስፌት መኪና። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ እሷ ነች የምትሰፋው። ታላቅ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከደጃችን ተወሰደ። የት እንዳለ ካወቅን በኋላ እናቴ ስንቅ ታመላልስለት ጀመር። ብርድ ይመታዋል ብላ በገዛ እጇ የሠራችውን ሹራብም አስገባችለት። አንድ ጧት በሩ ላይ የቆመው ዘብ ምሳ ዕቃውን አልቀበልም ብሎ፣ ሹራቡን አጣጥፎ መለሰላትና ከእንግዲህ አታምጪ አላት። ሌላ የነገረን የለም። ሬሳ አልተሰጠንም፤ የት እንደተቀበረም አልተነገረንም።

በዚያን ጊዜ እንዲህ ለሞተ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው። የእድሩ ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተጣለም። ጎረቤት አንድ በአንድ እየመጣ፣ መርፌ አውሺኝ፣ ጨው ስጪኝ እያለ፣ የእናቴን ዓይን አይቶ ይሄዳል። ሲወጡ ሆድ ይፍጀው ይሏታል። የአንድ ሰው ሆድ ስንቱን ይፈጃል? እናቴ ሹራቡን ከናፍታሊን ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው፤ የወንድሜን ስም መጥራት ተወች፤ መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትንሽ ባመማት ቁጥር የምትነግረኝ።

«በወጉ ሳላለቅስለት ከሞትኩ፣ እዚያ ቤት በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ትለኛለች።

ጋቢዋን እስከ ትከሻዋ እስብላታለሁ።

ቻይናዋ በሌላ ቀን ወለሉ ላይ አስቀምጣን የምንሠራውን ታሪክ ነገረችን። በአገራቸው ከጥንት ጀምሮ የሚነገር ነው። አንድ ንጉሠ ነገሥት አገሩን በግንብ ለማጠር ሰውን ከየቤቱ እያስወሰደ ያስገነባል። አንድ ወጣት ባገባ በማግሥቱ ይወሰዳል። ብርዱ ሲበረታ ሚስቱ ወፍራም ልብስ ሰፍታ፣ አገር አቋርጣ በእግሯ ትሄዳለች። ስትደርስ ባልሽ ሞቷል፣ ሬሳውም ግንቡ ውስጥ ተከቷል ይሏታል። የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የሰፋችውን ልብስ ታቅፋ ታለቅሳለች፤ እስኪበቃት ታለቅሳለች። ከለቅሶዋ ብዛት ግንቡ ይናድና የባሏ አጥንት ይወጣል።

አስተርጓሚው ይህን ሁሉ በዜና አማርኛው ሲያወርደው ማንም አልሳቀም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በማን ቤት ምን እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም እንጂ። እኔ ወለሉን ነበር የማየው። የተደሰተው ኃላፊው ብቻ ነው። ፀረ ፊውዳል ነው፣ የጉልበት ብዝበዛን ያጋልጣል ብሎ ተነሥቶ አጨበጨበ። ቀጥሎም፣ ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ላብ አደሩ ቀይ ባንዲራ ይዞ ለራሱ ጥቅም መልሶ የሚገነባበት ክፍል ይጨመር አለ። ቻይናዋ ትንሽ አሰበችና እሺ አለች፤ እንዲህ ያለ ሰው በአገሯም ሳይገጥማት አልቀረም። ስለዚህ አልቅሰን ያፈረስነውን ግንብ መልሰን የመገንባት ግዴታ ገባን።

ይህን ሰው አልወደውም ነበር። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተምሯል፣ ከእናቴ እጅ ጎርሷል። ወንድሜ ሲወሰድ እሱ የት እንደነበረ አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። በኋላ ቢሮ አገኘ፣ ኮት አገኘ። እናቴን መንገድ ላይ ሲያገኛት አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ክፉ ሠርቷል የሚያሰኝ ማስረጃ የለኝም። ሰውን መጥላት ግን በማስረጃ አይደለም።

የታሪኩን ሴት እንድሠራት የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በትከሻዬ ምክንያት። ቤት ገብቼ ታሪኩን ለእናቴ ነገርኳት። እየሰፋች ነው የምትሰማኝ። ልብስ ሰፍታ ይዛለት ሄደች የሚለው ጋ ስደርስ እግሯ መኪናው ላይ ቆመ። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«አጥንቱን አገኘችው?» አለችኝ።

አዎ፣ ግንቡ ተንዶ አገኘችው አልኳት።

«ታድላ» አለች እናቴ፣ መኪናዋንም መርገጥ ጀመረች።

በእነሱ አገር መድረክ ላይ ሴት የምታለቅሰው በእጅጌዋ ነው። ከጣት አልፎ መሬት የሚደርስ ረጅም ነጭ የሐር እጅጌ አላቸው። ቻይናዋ ከቦርሳዋ አውጥታ ለበሰችና አሳየችን። ወርወር ስታደርገው እንደ ጢስ ተነሣ፤ የእጇን አንጓ ሰበር ስታደርግ ተጣጥፎ ተመለሰላት፤ ከዚያ ፊቷን ከጀርባው ደበቀች። ድምፅ የለም፣ ደረት መድቃት የለም። እርስ በርስ ተያየን። በእኛ አገር ያልተሰማ ለቅሶ፣ ለቅሶ አይባልም።

እናንተስ እንዴት ነው የምታለቅሱት፣ አሳዩኝ አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አፈኛዋ ልጅ እንኳ አፏን ያዘች። ሰው ሳይሞት ማልቀስ ሟርት ነው፤ ሞት ይጠራል ይባላል። ደግሞም ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል። ቻይናዋ ያፈርን መሰላትና ተወችን።

ስለዚህ በእጇ የቀረው የእኔ ትከሻ ብቻ ሆነ። ከበሮ መቺውን ዝም አሰኘችው። ያንኑ የሰርግ እስክስታ እንድመታው፣ ግን በጣም ቀስ ብዬ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ሆኜ እንድመታው አዘዘችኝ። እስክስታ ያለ ከበሮ፣ ቀስ ተብሎ ሲመታ ምን እንደሚመስል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አዳራሹ ግድግዳ ላይ በነበረው መስተዋት ውስጥ አየሁት። ስንቁ የተመለሰ ቀን እናቴ ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስትቆም ከኋላ ያየሁት ትከሻ ነው። ቻይናዋ የመጀመሪያ ቀን ያለችውን ያኔ አመንኩላት። ቂሜም በረደ።

ችግሩ ጨርቁ ነበር። የሐር እጅጌው ያለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኛ ብዙ ነን፣ ሐር ደግሞ በዚያን ጊዜ በየት በኩል ይገኛል? ኃላፊው ከሕብረት ሱቁ አቡጀዲ አስመጣ። አቡጀዲው ሲወረወር እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ተመልሶ ፊታችንን ይገርፈናል። አፍንጫዋ የደማም ነበረች። ልብስ ሰፊ ይፈለግ ሲባል እናቴን አመጣኋት።

እናቴ የሐሩን እጅጌ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችውና፣ ለዚህስ ነጠላ ነው የሚሆነው አለች። ፈትሉ የቀጠነ ነጠላ እንደዚሁ ይንሳፈፋል። ልጆቹ ከየቤታቸው አሮጌ ነጠላ አመጡ። እናቴ እያንዳንዱን መሐል ለመሐል ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹ ለቀኝ ክንድ፣ ግማሹ ለግራ። መጀመሪያ የሰፋችው ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ነበር፤ ሰው በደኅና ቀን እንደሚለብሰው። ቻይናዋ ወረወረችውና ራሷን ነቀነቀች። ጥለቱ ከባድ ነው፤ ጫፉን ይጎትተዋል፣ አየር ላይ አይቆይም። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻና ወደ አንገት ይሰፋ፤ የሚንሳፈፈው ቀላሉ ጫፍ ይሁን አለች። በመርፌ ቁልፍ አያይዛ እኔ ላይ አሳየችን። ትክክል ነበረች፤ እጅጌው ከእጄ ወጥቶ ቀስ እያለ ወረደ።

ልጆቹ ግን የሚያዩት እጅጌውን አልነበረም፤ እኔን ነው። በእኛ አገር ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ ያወጣች ሴት ሐዘንተኛ ናት፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ነጠላዋን ዘቀዘቀች ይባላል። ሳታስተውል እንዲያ ለብሳ የወጣች ካለች፣ የማታውቃት ሴት እንኳ መንገድ ላይ አስቁማ ታስተካክልላታለች። ቻይናዋ ሳታውቀው ቡድኑን በሙሉ ሐዘን ልታስቀምጠው ነው።

ልጆቹ አንለብስም አሉ። አፈኛዋ ለእናቴ አቤት አለች፤ እማማ፣ ያለ ሬሳ ማን ነጠላ ይዘቀዝቃል፣ ሟርት አይሆንብንም ወይ አለቻት። እናቴ በከንፈሯ ይዛው የነበረውን ስፒል አወጣች።

«ሬሳ የለም እንጂ፣ ልጄ፣ ሟችማ አለ» አለች።

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። እናቴ ወደ ቻይናዋ ዞራ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ይሁን እንደማለት ራሷን ነቀነቀችላት። አስተርጓሚው ጭቅጭቁ ስለ ምን እንደነበር ጠየቀኝ። ስለ ክር ነው አልኩት።

ኃላፊው ልብሱን ያየው በመጨረሻው ልምምድ ላይ ነው። ያገሩ ልጅ አይደል፣ ወዲያው ገባው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። እኛን አልፎ እናቴ ጋ ሄደና፣ እማማ፣ ጥለቱን ለምን ወደ ላይ አደረጉት አላት። እናቴ ቀና ብላ አላየችውም። ወደ ታች ሲሆን ይከብዳል፤ ወደ ላይ ይሁን ያለችው ቻይናዋ ናት አለችው። ሁለቱም እውነት ነው። ቻይናዋን አየ፣ እናቴን አየ፣ ኮቱን ቆለፈ። የወዳጅ አገር መምህርት ካለችማ ምን ይደረጋል ብሎ ሄደ። ፈርቶ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ዝግጅቱ የቀረበው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ከፒያሳም፣ ከራስ መኮንን ድልድይም፣ ከዶሮ ማነቂያም መጥቶ አዳራሹን ሞላው። ቀበሌ ውጡ ብሎ ስለነበር የወደደም ያልወደደም መጥቷል። የሰርጉ ክፍል ላይ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ፤ ተፏጨልን፣ ተጮኸልን። ሙሽራው ሲወሰድ ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ግንቡን የሠሩት ራሳቸው ወንዶቹ ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል።

ከበሮው ቆመ። ሴቶቹ ሁላችንም እጅጌውን ለብሰን ወጣን። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ማጉረምረም ሲጠፋ ተሰማኝ፤ ጥለቱን አይተዋል። እናቴ ከፊት ወንበሮች ባንዱ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቀስ ብዬ ትከሻዬን መምታት ጀመርኩ። የወለሉ ማቃሰት ብቻ ነው የሚሰማው። እጅጌውን ወረወርነው፣ ሰበሰብነው፣ ፊታችንን ሸፈንን። ወንዶቹ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ወደቁ። ፊቴን ስገልጥ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቷል።

ባንዲራውን ይዞ የሚገባው ልጅ ሲገባ ሰው መነሣት ጀምሮ ነበር። አንድም ሰው አላጨበጨበም፤ ለቅሶ ላይ አይጨበጨብም። ከቀብር እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብለው፣ ሳይነጋገሩ ወጡ። ኃላፊው ጠፋ። ቻይናዋ ፊቷ ልብስ መስሎ መጥታ፣ ምን እንዳጠፋች እንድነግራት ለመነችኝ። ጥሩ ነበር አልኳት፤ ጭብጨባ የለመደ ሰው ይህን እንዴት ያምናል? እጄን ጨብጣ፣ ተከፍታ ሄደች።

በማግሥቱ ጧት ቀድማ የመጣችው ጎረቤታችን ባለሱቋ ናት፤ የጉራጌ አገር ሙስሊም፣ ከእናቴ ጋር ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ። ልጅሽ ትናንት አኮራችን፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ ነው የመጣሁት አለችና የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ክዳኑን ሳነሣው ንፍሮ ነው። ንፍሮ ለቅሶ ቤት የሚዘገን ነው፤ ይዞት ለእንኳን ደስ ያለሽ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ወንበር ሳብኩላት። አልፋው ሄዳ መሬት ተቀመጠች።

ከዚያ ሌላ መጣች፤ ሌላም። ሁሉም በሩ ላይ ሲደርሱ ጮክ ብለው ጭፈራውን ያመሰግናሉ፤ ገብተው መሬት ይቀመጣሉ። ነጠላቸውን አየሁ፤ ጥለቱ ወደ ላይ ነው። የቀበሌ ሰው ቢጠይቃቸው፣ ትናንት መድረክ ላይ አይተን ወደድነው ሊሉ ነው። የእድሩ ወንዶች ድንኳኑን ትተው አግዳሚ ወንበሮቹን ብቻ አምጥተው ከበራችን ፊት ተደረደሩ። ስለ ኪነት ሊወያዩ መሆኑ ነው።

የሚያለቅሱትም ለታሪኩ ሙሽራ፣ ለቻይናው ነበር። አንዷ፣ ያ ግንብ የበላው ልጅ አንጀቴን በላው ብላ ጀመረች። ሌላዋ፣ ገና ለጋ ነበር እኮ አለች። ባለሱቋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሰብስባ፣ ዓመሉስ ብትይ፣ ሰላም ሳይለኝ በደጄ አልፎ አያውቅም አለች። አንዲት ሴት ደግሞ፣ ምጥ ሲይዘኝ ታክሲ ፍለጋ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ የሮጠልኝ ያ የቻይና ልጅ ነው ብላ ምርር ብላ አለቀሰች። ስለ ኳስ አጨዋወቱ፣ ስለ ሳቁ፣ መጽሐፍ እያነበበ ሲሄድ ከስልክ እንጨት ጋር ስለተጋጨበት ቀን አወሩ። ሁሉም ወንድሜ ነው። ቻይናው ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ዶሮ ማነቂያ አደገ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡብኝና ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

እናቴ ግን አላለቀሰችም። መሐላቸው ተቀምጣ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ስለ ልጇ እንደሚያወሩ ታውቃለች፤ እንዲህ አድርገው ስለመጡላትም ፊቷ ላይ ምስጋና አይቻለሁ። ነገር ግን ልጇን በሰው ስም ማልቀስ አልሆነላትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የእሷ እንባ ያለ ስሙ አልወጣም አለ፣ ስሙን መጥራት ደግሞ ፈራች። እንዲያው ጉልበቷን እያሸች ዋለች፤ በነጋታውም እንዲሁ።

ሣልስቱ መጣ። ለቅሶ በሣልስቱ ይነሣል፤ ሰው ከዚያ በኋላ ወደየሥራው ይበተናል። ይህ ሁሉ ሕዝብ እንደገና በምን ሰበብ ይሰበሰባል? ዛሬ ካላለቀሰች መቼም እንደማታለቅስ እሷም እኔም እናውቀዋለን። ጧት ፊቷን ስታጠብ፣ በቃ ይቅር መሰለኝ አለችኝ። እንዲህ ተስፋ ቆርጣ ሰምቻት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ውጭ ያሉት ወንዶች ድንገት ዝም አሉ። ቀና ስል ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ቻይናዋና አስተርጓሚዋ። ቻይናዋ ሥራችን ስላለቀ እናቴን ልትሰናበት ነው የመጣችው፤ የሐር እጅጌዋን አጣጥፋ ለስጦታ ይዛለች። የውጭ ሰው ብቻውን ሰፈር ለሰፈር አይሄድምና ኃላፊው ማጀብ ነበረበት።

ቻይናዋ ሴቶቹን አየቻቸው። ነጭ ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥለቱ ሁሉ ወደ ላይ ነው፣ ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል። በዝግታ ወደ እኔ ዞራ ተናገረች። አስተርጓሚው፣ መምህርቷ ይህ ምን ዓይነት ሥርዓት እንደሆነ ለማወቅ ይሻሉ አለ።

ባለሱቋ ፈጠን ብላ፣ ለጭፈራው እንኳን ደስ አላችሁ ልንል ነው የተሰበሰብነው አለች። እኔ ኃላፊውን ነበር የማየው። እሱ ደግሞ የንፍሮውን ሳህን ያያል። ጎንበስ ብሎ ዘገነ፣ አፉ ውስጥ ጨመረ፣ አላመጠ። ከዚያ የኮቱን ቁልፍ ፈታ።

«ለቅሶ ነው በላት» አለው አስተርጓሚውን።

አስተርጓሚው የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠየቀ።

«የእሳቸው ልጅ፤ የጓደኛዬ» አለ ኃላፊው፣ ሄዶም ከወንዶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ይህን ሰው ያኔ ይቅር አላልኩትም፤ ዛሬም ስለሱ ሳስብ ልቤ አይጠራም። ቃሉን ግን በአደባባይ ያወጣው እሱ ነው።

እናቴ ተነሣች። ሣጥኑን ከፍታ ሹራቡን አወጣች፤ ናፍታሊኑ ቤቱን አወደው። የሟች ልብስ በለቅሶ እንደሚነሣው፣ በሁለት እጅጌዎቹ ይዛ ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችውና የልጇን ስም ጠራች። ድምፅዋን አላወቅኩትም። ደግማ ጠራችው። ሴቶቹ ተነሥተው በእዬዬ ተቀበሏት፤ ውጭ ያሉትም ቆሙ። ቻይናዋ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ እናቴንም ትከሻዋን ይዛ ቆመች።

ከዚያ በኋላ የቻይናውን ልጅ ያነሣ ሰው የለም።